የናፍጣ ሞተርና አማካሪዎቹ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አካባቢዎች፣ ማለትም በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በጌራ፣ ከመስከረም ማገባደጃ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የሰዉ ልብ በሁለት ነገሮች ላይ ተንጠልጥሎ ይሰነብታል፤ አንደኛው የቡና ዋጋ ሲሆን ሁለተኛው የናፍጣ ሞተር ነው። ስለ ዋጋው ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተምሏል። ስለ ሞተሩ የተጻፈው ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሞተር የሚያውቁት ሰዎች እጃቸው ከዘይት ስለማይጠራ ብዕር ለመያዝ አይመቻቸውም፣ ብዕር የሚይዙትም ዘይት ለመንካት አይደፍሩም። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል የቀረውን ክፍት ቦታ በመጠኑ ለመሙላት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚያተኩረውም ሞተሩ ለምን እንደሚቆም ብቻ ሳይሆን፣ ሞተሩ በቆመ ጊዜ በዙሪያው በሚቆሙት ሰዎች ላይ ጭምር ነው።

ሞተሩ በአካባቢው የማይገባበት ሥራ የለም። በእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ፣ ማለትም ቀዩ ቡና እንደተለቀመ ልጣጩ ተገፎ በገንዳ ውስጥ በሚታጠብበት ቦታ፣ መፈልፈያውንና የውኃ መሳቢያውን ያሽከረክራል፤ በመቀሸሪያ ቤት ከነልጣጩ የደረቀውን ጀንፈል ቡና ከገለባው የሚለየውን ማሽን ይነዳል፤ ቡናው ሲያልቅ ደግሞ በቆሎና ጤፍ ይፈጫል። የሩቅ አንባቢ ይህ ሁሉ ሥራ በመብራት ለምን እንደማይሠራ ሊጠይቅ ይችላል፤ በተለይም በዚያው በጅማ ዞን 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ማመንጫ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ መጀመሩን የሚያውቅ ከሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። የቅርብ ሰው ግን አይጠይቅም፤ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው ሽቦ በራስጌው ሲያልፍ እያየ ያደገ ሰው፣ በራስጌ የሚያልፍና በደጃፍ የሚገባ መብራት የተለያዩ መሆናቸውን ያውቃልና። መስመሩ የገባላቸው ጣቢያዎችም ቢሆኑ መብራቱ በመከር ሰሞን ሲቆራረጥ የሚጠሩት ያንኑ ናፍጣ ሞተር ነው።

ችግሩን የሚያከብደው ቀዩ ቡና ቀጠሮ የማያውቅ መሆኑ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት፣ ቢቻል በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ መፈልፈል አለበት፤ ካለፈ ግን በጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ መፍላት ይጀምራል፣ ሽታውም ወደ ጠላ ያዘነብላል፤ ከዚያ ወዲያ ለታጠበ ቡና መሆኑ ቀርቶ አልጋ ላይ ተሰጥቶ የሚደርቅና በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥ ይሆናል። ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚሆን እሸት ቡና አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ብቻ እንደሚወጣው ለሚያስታውስ ሰው፣ በመፈልፈያ ጣቢያ በር ላይ ከምሽቱ በ12 ሰዓት ተሰልፎ የሚታየው የጆንያ ክምር ምን ያህል ላብ እንደሆነ ይገባዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የአካባቢው ዱሮሚና የተባለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና በዓለም አቀፍ ዳኞች ተቀምሶ ከአፍሪካ ምርጥ ተብሎ ነበር። የዳኞች መመዘኛ ቅጽ ስለ መዓዛ፣ ስለ ጣዕምና ስለ ንጽሕና ይጠይቃል እንጂ በዚያ ምሽት ሞተሩ በስንት ሰዓት እንደተነሣ የሚጠይቅ ረድፍ የለውም፤ ንጽሕና የተባለው ነጥብ ግን ከፊሉ የሞተሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለየው ካንዴላ፣ ማለትም ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ የሌለው በመሆኑ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያህል አጥብቦ ስለሚጨምቀው አየሩ ራሱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያች ቅጽበት ኖዝል የሚባለው ባለ ቀጫጭን ቀዳዳ ዕቃ ናፍጣውን አድቅቆ ሲረጨው ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ይህ ሐሳብ ከወረቀት አልፎ በብረት እንደሚሠራ በአውግስቡርግ ከተማ ያሳየው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1913 እ.ኤ.አ. መስከረም መጨረሻ፣ ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር ድሬስደን ከተባለችው መርከብ ላይ በሌሊት ተሰወረ፤ በዕዳ ተጨንቆ ነው፣ ሰው ገፍትሮት ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። መርከቧ በእንፋሎት የምትሄድ ስለ ነበረች፣ ሞተሩ በነገሩ እጁ እንደሌለበት ብቻ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል።

በወፍጮ ቤቶችና በመፈልፈያዎች ከሁሉ የታወቀው ስም ሊስተር ሲሆን፣ ይህ በእንግሊዝ አገር ደርዝሊ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ከባድ የብረት መንኮራኩር ያለው፣ አንድ ሲሊንደር ብቻ ይዞ ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተር ነው። በኋላ ህንዶች በራጅኮት ከተማ ቅጂውን በብዛት ስለ ሠሩት ከእንግሊዝ ያልመጣውም ሊስተር ተብሎ ይጠራል። ከእሱ በኋላ የመጣው ጋደም ብሎ የተሠራው ባለ አንድ ሲሊንደር የቻይና ሞተር ሲሆን፣ ኤስ 195 የተባለው ዓይነት በደቂቃ 2,000 ጊዜ እየዞረ 12 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሊስተሩ በደቂቃ 650 ጊዜ እየዞረ ሲያወጋ ቻይናው 2,000 ጊዜ እየዞረ ይጨቃጨቃል፤ ሽማግሌዎች ሊስተሩን ይመርጣሉ፣ ወጣቶች የቻይናውን መለዋወጫ በቀላሉ ስለሚያገኙ እሱን ይመርጣሉ፣ ቡናው ግን ሁለቱንም አይለይም።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታ አንድ ነገር መባል አለበት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ የጣና ሐይቅ የውኃ ገጽም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ስለዚህ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ በሆዱ የያዘው የናፍጣ ሞተርና የአጋሮው መፈልፈያ ሞተር የሚተነፍሱት አየር እኩል የሳሳ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ ወረቀቱ ላይ 12 ፈረስ የተባለው ሞተር ከ10 ፈረስ ብዙ ሳይበልጥ ይሠራል፤ የቀሩት ፈረሶች ወደብ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ ተታለልኩ ብሎ ሻጩን ይረግማል፤ ወይም የናፍጣውን መጠን መቆጣጠሪያ ብሎን ከፍቶ ተጨማሪ ነዳጅ ይግተዋል፤ ሞተሩም የሚያቃጥልበት አየር ስለሌለው የተሰጠውን ናፍጣ ጥቁር ጭስ አድርጎ ይመልስለታል። በሌላ በኩል የጀልባው ሞተር ከመፈልፈያው የሚበልጥበት አንድ ጸጋ አለው፤ ሐይቅ መካከል ቢቆም ምክር የሚሰጠው ተሳፋሪው ብቻ ነው።

የመፈልፈያው ሞተር ግን ሲቆም ሰው ይሰበሰባል። ሞተር በሚሠራበት ቦታ ጆሮ ድምፁን አይሰማም፣ ዝምታውን ግን ሁሉም ይሰማል፤ ስለዚህ ቱግ ቱጉ ባቆመ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቡና የጫነው የአይሱዙ ሹፌር፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም፣ በዕረፍት ላይ ያለ የፊዚክስ መምህር፣ ቡናቸውን የሚያስመዝኑ ገበሬዎችና ምንም ጉዳይ የሌላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ሞተሩን ከብበው ይገኛሉ። ሹፌሩ ሳያጎነብስ፣ ከቆመበት፣ «ፓምፕ ነው» ይላል። ሹፌር ፓምፕ ነው ሲል በመኪናው ላይ አንድ ጊዜ ፓምፕ አስቀይሯል ማለት ነው፤ ሰው ያመመውን በሽታ በሌላው ላይ ፈጥኖ ያያልና። ሒሳብ ሹሙ ባለፈው ዓመት ለጥገና የወጣውን ገንዘብ በቃሉ ስለሚያውቅ ያንኑ ገንዘብ የበላው ዕቃ እንደገና መበላሸቱን ይጠረጥራል። መምህሩ ስለ ግፊትና ስለ ሙቀት ዝምድና ትክክለኛ የሆነና በዚያ ሰዓት የማይጠቅም ማብራሪያ ይሰጣል። ከገበሬዎቹ መካከል አንድ አዛውንት ትናንት ከሌላ ቀበሌ የመጣ ሰው ሞተሩን አይቶ «እንዴት ይሠራል!» ማለቱን ያስታውሳሉ፤ ይህም ከፓምፕ የሚያንስ ምክንያት ተደርጎ አይታይም።

ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ሰው ግን በእነዚህ ሁሉ አስተያየቶች ውስጥ አንድ ሕግ ጎልቶ ይታያል። የአማካሪው ማዕረግ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠረጥረው ዕቃ ውድ ይሆናል። ትልቅ ሰው ትንሽ ዕቃ ቢጠረጥር ክብሩ የሚቀንስ ስለሚመስለው፣ ከኢንጀክሽን ፓምፕ፣ ከፒስተን ወይም ከቴስታታ፣ ማለትም ከሲሊንደሩ ክዳን፣ በታች አይወርድም። በጥቂት ብር የሚገዛ የመዳብ ቀለበት ናፍጣ ያንጠባጥባል ብሎ ለመናገር የሚደፍረው የሞተሩ ረዳት ብቻ ነው፤ ረዳቱ ደግሞ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ በመሆኑ በዚያ ጉባኤ ላይ ቁልፍ ከማቀበል ያለፈ ድምፅ የለውም። ልጁ ማታ ማታ የነዳጅ ጋኑን መክፈቻ የሚዘጋው፣ ጧት ጧት የሚከፍተው እሱ ራሱ ስለ ሆነ ብዙ ነገር ያውቃል፤ ነገር ግን «አንተ ልጅ፣ ዞር በል፣ ሰው ይሥራበት» እየተባለ ወደ በሩ ሲገፋ ያወቀውን ይዞ ይወጣል።

በእውነቱ ሲነሣ ደህና የነበረና እየሠራ ሳለ ድምፁን ቀስ በቀስ አሳንሶ የቆመ የናፍጣ ሞተር፣ አብዛኛውን ጊዜ የተቸገረው በናፍጣ ማጣት ነው። ሞተሩ የሚፈልገው ንጹሕ ናፍጣ፣ ንጹሕ አየር፣ ውኃና ዘይት ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድልበት ብቻ ያኮርፋል። ስለዚህ ፍተሻ መጀመር ያለበት ከጋኑ ነው፤ ናፍጣ አለ ወይ፣ መክፈቻው ተከፍቷል ወይ፣ በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ በአቧራ ተደፍናለች ወይ? የመጨረሻዋ ጥያቄ የምታስቅ ብትመስልም ትልልቅ ሰዎችን ያዋረደች ናት፤ ቀዳዳዋ ከተደፈነች ናፍጣው ሲወርድ በምትኩ አየር ስለማይገባ ጋኑ ውስጥ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ፍሰቱም ይቆማል፤ አንድ ሰው ነዳጁን ለማየት ክዳኑን ሲከፍት ደግሞ አየር ይገባና ሞተሩ ወዲያው ይነሣል፣ ክዳኑን የከፈተው ሰውም እስከ ዓመቱ መጨረሻ መካኒክ ይባላል።

ጋኑ ባዶ ሆኖ ከነበረና እንደገና ከተሞላ ግን መሙላቱ ብቻውን አይበቃም፤ በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል። ናፍጣ ሲጨመቅ አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ ፓምፑ በገፋ ቁጥር አየሩ ተጨምቆ ይመለሳል እንጂ ኖዝሉ እንዲከፈት የሚያስፈልገው ከ100 እጥፍ የአየር ግፊት በላይ የሆነው ኃይል አይፈጠርም። መፍትሔው አየሩን ማስወጣት ሲሆን፣ ይህ ሥራ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በፊልትሮው፣ ማለትም በናፍጣው ማጣሪያ፣ አናት ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ሁለት ዙር ያህል ትላላለች፤ ከሥሯ ነጭ አረፋ የተቀላቀለበት ናፍጣ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ አረፋው ጠፍቶ የጠራው ናፍጣ ብቻ ሲፈስ ትጠብቃለች። ቀጥሎ በፓምፑ ላይ ያለችው እንዲሁ ትደረጋለች። በመጨረሻም ወደ ኖዝሉ የሚሄደው ቀጭን የብረት ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ዳዶ በ17 ቁልፍ ይላላና መንኮራኩሩ በእጅ ይዞራል፤ ናፍጣው ትፍ ትፍ እያለ መውጣት ሲጀምር ዳዶው ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ መንኮራኩሩ ቀስ ተብሎ ሲዞር ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ክርር የምትል አጭር ድምፅ ትሰማለች፤ ኖዝሉ ረጨ ማለት ነው። ይህችን ድምፅ ጆሮው የለመደ ሰው ሞተሩ ሳይነሣ በፊት እጁን መጥረግ ይጀምራል።

አየሩ ከየት እንደገባ የማይጠይቅ ሰው ግን በማግስቱ ያንኑ ሥራ ይደግማል። ዋናው በር ጋኑን እስከ መጨረሻው አሟጦ የመጠቀም ልማድ ሲሆን፣ ይህ ልማድ ከስስት ብቻ የመጣ አይደለም። ከገጠር ለሚመጣ ሰው ናፍጣ በጀሪካን ማግኘት ራሱን የቻለ የቢሮ ሥራ ነው፤ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ደብዳቤው ይፈረማል፣ ማኅተም ይደረግበታል፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክፍያው እንደ ቴሌብር ባለ የዲጂታል መንገድ ስለ ሆነ ኔትወርኩ መኖር አለበት፤ እነዚህ ሁሉ ተሟልተው ጅማ ሲደረስ ማደያው ናፍጣ አልቆበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ናፍጣ ያገኘ ሰው የመጨረሻዋን ጠብታ ሳይቀር መጠቀሙ አያስወቅሰውም፤ የሚያሳዝነው ከጀሪካኑም ከጋኑም ግርጌ የሚገኘው የመጨረሻ ጠብታ ናፍጣ አለመሆኑ ነው። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ጅማ ደግሞ ዝናቧ የበዛ፣ አየሯ እርጥብ አገር ስለ ሆነች ጎደል ብሎ ባደረ ጋን ውስጥ የሌሊቱ ቅዝቃዜ እርጥበቱን ወደ ውኃ ይለውጠዋል። ጀሪካኑ ባለፈው ሳምንት የምንጭ ውኃ ሲመላለስበት የቆየ ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው።

የፓምፑ ፒስተንና ቤቱ እርስ በርስ የተገጣጠሙት የአንድ ሚሊ ሜትርን ከሺህ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ብቻ በሚያህል ክፍተት ሲሆን፣ የሰው ጠጉር ውፍረት ከዚህ በሃያ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ክፍተት ውስጥ የውኃ ጠብታ ዝገትን፣ የአሸዋ ቅንጣት ጭረትን ይተዋል። ስለዚህ ናፍጣውን ከጀሪካን ወደ ጋን ሲገለብጡ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ማጥለል፣ አንድ ሌሊት ማዝቀጥ፣ የጀሪካኑን የመጨረሻ ሁለት ጣት አለመገልበጥ፣ ጧት ጧትም ሞተሩ ሳይነሣ ከጋኑ ግርጌ ባለው መክፈቻ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ማፍሰስ የፓምፕን ዕድሜ በዓመታት ያራዝማል። ግማሽ ብርጭቆ ናፍጣ ማፍሰስ የሚለው ሐሳብ በማኅበር ስብሰባ ላይ ቢቀርብ የሚያስነሣውን ቁጣ ለመገመት አያዳግትም፤ ያችው ብርጭቆ በዓመት ተደምራ የአንድ ፓምፕ እድሳት ዋጋ እንደማታክል ማስረዳት ግን ከአየር ማስወጣት የከበደ ሥራ ነው።

ከናፍጣ ቀጥሎ ብዙ ትርጓሜ የሚሰጥበት ነገር ጭስ ነው። በቡና አገር ሲኒ ገልብጦ አተላውን የሚያነብ ሰው እንደሚከበር ሁሉ፣ በሞተር ቤት የጭስ ማውጫውን ቀና ብሎ የሚያነብ ሰውም ይከበራል፤ ልዩነቱ የጭሱ ንባብ ብዙ ጊዜ እውነት መሆኑ ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ይናገራል፤ ምክንያቱ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ ወይም መርጨቱን ትቶ ማንጠባጠብ የጀመረ ኖዝል ሊሆን ይችላል። ሰማያዊው ዘይት መቃጠሉን ያሳያል፤ ፋሻ የሚባሉት፣ ፒስተኑን ዙሪያውን የታጠቁት የብረት ቀለበቶች አልቀዋል ማለት ነው። ነጭ ጭስ ከሁሉ አታላይ ነው። በጌራ ብርድ ጧት የተነሣ ሞተር ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ቢያጨስ ነውር የለበትም፤ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነውና ሲሞቅ ይጠፋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የቀጠለና ናፍጣ ናፍጣ የማይሸት ነጭ ከሆነ ግን የውኃ እንፋሎት ነው፤ በሲሊንደሩና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን የሚባለው ማሸጊያ ተቃጥሎ ውኃው ወደማይገባበት ቤት ገብቷል። በዚህ ጊዜ ሹፌሩ ውድ ዕቃ መጠርጠሩ ትክክል ይሆናል፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚል ሰው አንዳንድ ጊዜ መርታቱ አይቀርም።

ጓርኒሲዮኑ ወደሚቃጠልበት ምክንያት ስንሄድ የምንደርሰው ከበርሜሉ ነው። የጀልባ ሞተር ሐይቁን እየሳበ ሲቀዘቅዝ፣ የሊስተር ሞተር ግን ከጎኑ በቆመ 200 ሊትር በሚይዝ የውኃ በርሜል ይቀዘቅዛል፤ ከበርሜሉ ግርጌ አንድ ቱቦ ወደ ሞተሩ ታችኛው ክፍል፣ ከሞተሩ አናት ደግሞ ሌላ ቱቦ ወደ በርሜሉ ላይኛው ክፍል ይዘረጋሉ። ፓምፕ የለውም፤ የሞቀ ውኃ ቀላል ስለ ሆነ ራሱ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተካል፣ እንዲህ እያለ ሲዞር ይውላል። ሥርዓቱ ውብ ነው፣ ቅድመ ሁኔታው ግን አንድ ነው፤ የበርሜሉ ውኃ ከላይኛው ቱቦ አፍ በላይ መሆን አለበት። ከዚያ ዝቅ ካለ ዙሪያው ይቋረጣል፤ ከታች ምንም ያህል ውኃ ቢቀር የሞተሩ አናት ብቻውን ይፈላል።

አሁን እንግዲህ በኅዳር ማታ፣ በብርድ፣ ቀኑን ሙሉ በቡና ሙጫ የተለጠፈ እጅና እግር ይዞ የሚገባ ሠራተኛ 200 ሊትር የሞቀ ውኃ በክፍት በርሜል ቆሞ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ መገመት ነው። አንዱ በጣሳ ቀድቶ እግሩን ይታጠባል፤ ሌላዋ ለልጇ ገላ በጆግ ትወስዳለች፤ ዘበኛው ለውዱእ ይቀዳል፤ ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላበላሸም፣ እያንዳንዱ የወሰደው ጥቂት ነው። በርሜሉ ግን አንድ ስንዝር ጎድሏል፣ ያቺ ስንዝር ደግሞ ቱቦዋ ያለችባት ስንዝር ናት። ሞተሩ ሲግልና ድምፁ ሲከብድ አንድ ቅን ሰው ደንግጦ ከምንጭ የመጣ ቀዝቃዛ ውኃ በባልዲ ይጨምርበታል፤ የጋለው ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ቴስታታው ይሰነጠቃል። በዚህ ዓይነት በእግር መታጠብና በቅንነት መካከል አንድ ሞተር ሲሞት በምርመራው ላይ ጥፋተኛ አይገኝም። ለሥራ የሚያውለው ሰው ካለ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከጎን ሌላ በርሜል አቁሞ ለመታጠቢያ መፍቀድ፣ የጋለውን ሞተር ደግሞ ጭነቱን አንሥቶ ቀስ ብሎ እየሠራ እንዲበርድ መተው። የቻይናው ሞተር በዚህ በኩል ብልህ ነው፤ ውኃ መያዣው አናቱ ላይ ስለ ሆነና ሲጎድል ዝቅ የምትል ቀይ ኳስ ስላለችው እግር ለመታጠብ አይመችም።

ስለ ዘይትና ስለ አየር ማጣሪያ ብዙ ማለት አያሻም፤ የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚያደርገው ነው የጠፋው። ዘይት እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ100 እስከ 250 የሥራ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ አለበት። «ገና ጠቁሯል እንጂ አላለቀም» የሚለው ክርክር ግማሹ እውነት መሆኑ ነው አደጋው፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቀርሻውን ይዞ ለመዞር የተሠራ ስለ ሆነ በተለወጠ በሁለተኛው ቀንም ይጠቁራል፤ ስለዚህ መለኪያው ሰዓት እንጂ ቀለም አይደለም። የአየር ማጣሪያው ደግሞ በመቀሸሪያ ቤት የቡና ገለባ ብናኝ፣ በወፍጮ ቤት ዱቄት እየጠጣ ስለሚውል በየቀኑ መራገፍ አለበት። ማጣሪያው ሲያስቸግር አውልቆ በቦታው ጨርቅ ማሰር የተለመደ ነው፤ ጨርቁ ወፍራም ከሆነ ሞተሩን ያንቀዋል፣ ስስ ከሆነ ብናኙን አስገብቶ ፋሻውን ያስበላዋል።

የማያስቀው ነገርም አለ። ኖዝሉ በደንብ ይረጭ እንደሆነ ለማየት አውጥቶ በመዳፍ ፊት መያዝ በብዙ ሞተር ቤቶች የሚታይ ልማድ ነው፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፣ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ስለሚያህል አይደማም፣ ብዙም አያምም፣ በሰዓታት ውስጥ ግን እጁ ያብጣል፣ በጊዜ ካልተቀደደና ካልታጠበ ጣት እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ስለዚህ መፈተሻው ካርቶን ነው፣ በናፍጣ የተወጋ ሰውም ማረፊያው ሆስፒታል ነው። ቺንጋው፣ ማለትም ሞተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ሳይከለል የሚዞርበት ወፍጮ ቤት ውስጥ ነጠላና ሻርፕ ለብሶ መጠጋትም እንዲሁ አደገኛ ነው። ማስነሻ እጀታውን የሚያዞር ሰው ደግሞ አውራ ጣቱን ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ማድረግ አለበት፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ እጀታው ከመዳፉ ያመልጣል እንጂ ጣቱን ይዞ አይሄድም።

ጉባኤው ሲደክመውና ጨለማው ሲበረታ ለጅማ መካኒክ ይደወላል። መካኒኩ በመንገድ ላይ ነኝ ይላል፤ ይህ አገላለጽ ከአልጋ እስከ መፈልፈያው በር ያለውን ርቀት ሁሉ ያጠቃልላል። ከዚያም «ሐጂ፣ እስቲ ስልኩን ወደ ሞተሩ ያስጠጉልኝና ያዙሩት» ይላል፤ «ሐጂ» የተባሉት የጣቢያው ኃላፊም ስልኩን ወደ ሲሊንደሩ ያስጠጋሉ፣ ሰዉ ሁሉ ዝም ይላል፣ ሁለት ጎልማሶች እጀታውን ያዞራሉ። ይህ የምርመራ ስልት በየትኛውም ኮሌጅ የማይሰጥ ቢሆንም ውጤቱ አይናቅም፤ ልምድ ያለው ጆሮ ክርር የምትለውን ድምፅ በስልክም ይለያልና። «ኖዝሉ አይረጭም፤ ናፍጣ ይደርሰዋል ወይ? ልጁ የት አለ? ልጁን ያቅርቡልኝ» ሲል ረዳቱ ከበሩ ይጠራል። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ጥቂት «እሺ፣ እሺ ጋሼ» ካለ በኋላ የፊልትሮዋን ብሎን ያላላል፣ አረፋው ይወጣል፣ ሞተሩም ይነሣል። ሰዉ መካኒኩን ያመሰግናል፤ ለአገልግሎቱም በቴሌብር ይላክለታል። ሹፌሩ ወደ መኪናው እየሄደ ለጊዜው ነው እንጂ ፓምፑ መለወጡ እንደማይቀር ይናገራል።

መከሩ አልቆ ጥር ሲገባ ሞተሩ ለረጅም ወራት ይተኛል፤ ሳይዘጋጅ ከተኛም ለከርሞ የሚነሣበትን ችግር ሁሉ ተኝቶ ይሠራል። የሚገባው ነገር ጥቂት ነው፤ ያገለገለው ዘይት በውስጡ አሲድ ስለሚይዝ ከመተኛቱ በፊት መለወጥ፣ የሲሊንደሩን ውኃ እንዳያዝገው ማፍሰስ፣ ጋኑን እርጥበት እንዳያጠራቅም አፉ ድረስ ሞልቶ መተው፣ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በቆርቆሮ መክደን፣ በወር አንድ ጊዜም መንኮራኩሩን በእጅ ጥቂት ማዞር። ከእነዚህ ውስጥ በየጣቢያው በቀላሉ የሚፈጸመው ቆርቆሮው ነው፤ ጋኑን ሞልቶ መተው የሚለውን ደግሞ ናፍጣ በደብዳቤ በሚገኝበት አገር የሚሰማ የለም፣ የተሞላውም በክረምቱ እየተቀዳ ለሌላ ጉዳይ ይውላል። በመስከረም የመጀመሪያው ቀይ ቡና ሲደርስ ረዳቱ የመኝታ ልብሱን ይዞ ወደ ጣቢያው ይመለሳል፤ ቆርቆሮውን ያነሣል፣ ከጋኑ ግርጌ ውኃውን ያፈስሳል፣ ማጣሪያ እንዲገዛለትም ለሒሳብ ሹሙ በቃል ያመለክታል። ሒሳብ ሹሙ ማመልከቻው በጽሑፍ መቅረብ እንዳለበት ገልጾ ይመልሰዋል።